እስራኤላውያን በሙሴ ላይ ዘፈኑ እንዴ? ስለ «እንጉርጉሮ» አንድ መልስ

ጥያቄው፦ «ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ። ባለፈው ኦሪት ዘፀአትን ስናነብ ሕዝቡ በሙሴ ላይ ‹አንጐራጐሩ› የሚል ቦታ ደረስን። አንድ የ10 ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ ‹ዘፈኑበት ማለት ነው?› አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን መልስ አልነበረኝም። እንጉርጉሮ የሐዘን ዜማ አይደለም እንዴ? ቃሉ ከየት መጣ? ከሙሾስ በምን ይለያል? ሲጻፍስ በ‹ጎ› ነው በ‹ጐ›?»

መልስ፦

መጀመሪያ ልጁን አመስግኑልኝ። የተሳቀበት ያለ አግባብ ነው። ዘፀአት ምዕራፍ 15ን ከላይ ጀምረው ያንብቡት፤ ምዕራፉ የሚከፈተው በመዝሙር ነው። ባሕሩ ተከፍሏል፣ ሕዝቡ ተሻግሯል፣ ሙሴ ያዜማል። ቁጥር 20 ላይ የአሮን እኅት ማርያም ከበሮዋን ይዛ ትወጣለች፣ ሴቶቹ ሁሉ ይከተሏታል። ከዚያ 3 ቀን ውኃ የሌለበት በረሃ ይመጣል። ማራ ሲደርሱ የተገኘው ውኃ ደግሞ መራራ ሆነ። ቁጥር 24 ላይ «ምን እንጠጣለን?» ብለው አንጐራጐሩ። ከከበሮው እስከዚህ 4 ቁጥር ብቻ ነው። ከበሮው ገና በጆሮው ውስጥ ያለ ልጅ «ዘፈኑበት?» ቢል ምን ይፈረድበታል?

አጭሩ መልስ፦ አልዘፈኑም። አጉረመረሙ። በኋላ የወጡ ትርጉሞችም «አጕረመረሙ» ብለው ነው የጻፉት። የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ግን «አንጐራጐሩ» አለ፤ አላጠፋም። እንዲያውም ቃሉን በጥንት ትርጉሙ ነው የተጠቀመበት። የተለወጥነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ግዕዙ እንሂድ። ግሡ «አንጐርጐረ» ነው። ማጉረምረም፣ በዝቅተኛ ድምፅ ቅሬታ ማሰማት፣ ከንፈር ውስጥ ሆኖ መነጫነጭ ማለት ነው። ዜማ የለበትም። ሐዘንም ቢሆን የግድ የለበትም፤ ንዴት ሊሆን ይችላል፣ ምቀኝነት ሊሆን ይችላል። ስሙ ደግሞ «ነጐርጓር» ነው። ይህን ስም አማርኛ አልወሰደውም፤ ግን ጮክ ብለው ያንብቡት። ነጐርጓር። ምን አስታወሰዎት?

ነጐድጓድ!

አዎ፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንጐድጐደ ካለው ነጐድጓድ ይወጣል፣ አንጐርጐረ ካለው ነጐርጓር። ልዩነታቸው «ድ» እና «ር» ብቻ ነው። አንዱ የሰማይ ጩኸት፣ ሌላው የከንፈር ውስጥ ጩኸት። ይሄን ለተማሪዎች በነገርኩ ቁጥር ሁለቱን ቃላት ደጋግመው ይሏቸዋል፤ አፍ ላይ ደስ ይላሉ። የሉቃስ ወንጌል ላይ ጌታ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ላቡ «ነጸፍጻፈ ደም» እንደሆነ የሚናገረውን ግዕዝ ሰምተው ከሆነ፣ እሱም የዚሁ ቤት ነው፤ አንጸፍጸፈ ማለት ተንጠፈጠፈ ነው።

በዚህ ቤት የሚገቡት ግሦች ጠባያቸው አንድ ነው። መነሻቸው ላይ «አን» አለ፣ ቀጥሎ አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ጐር-ጐር። ጐድ-ጐድ። ጸፍ-ጸፍ። ብዙዎቹ ድምፅን ወይም እንቅስቃሴን በጆሮ ቀድተው ያመጡ ናቸው። አማርኛም ይህን ስልት ወርሶ እንደ ልቡ ይጠቀምበታል። ሰው ሲያወራ በሹክሹክታ ከሆነ አንሾካሾከ፣ ሲስቅ ተንከተከተ፣ ሲያለቅስ ተንሰቀሰቀ፣ ድስቱ ተንተከተከ፣ በሩ ተንኳኳ፣ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። አንጎራጎረ ከእነዚህ መካከል ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ «ቃሉ ከየት መጣ?» ላሉት መልሴ፦ ከጆሮ ነው የመጣው። በር ዘግተው የሚነጫነጩ ሰዎችን ከውጭ ሆነው ቢያዳምጡ ቃሉ አይለይም፤ ጉር ጉር ጉር ብቻ ነው የሚሰማው።

እኛ ብቻ አይደለንም እንዲህ የሰማነው። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከግሪክኛው ነው። ግሪክኛው በዚያ ቦታ ያለው ግሥ «ጎንጉዞ» የሚባል ነው፤ እሱም ድምፅ ቀጂ ነው፣ እሱም «ግ»ን ይደጋግማል። ላቲኖች «ሙርሙራሬ» አሉ። ሁሉም የሕዝብን ቅሬታ ከሩቅ አዳምጠው አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ጻፉ። የግዕዙ ተርጓሚ ጎንጉዞን አይቶ አንጐርጐረን ሲመርጥ ምን ያህል እንደ ተደሰተ መገመት ነው እንግዲህ። እኔ ብሆን ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም ነበር።

መዝገበ ቃላት ከፍተው ራስዎ ማየት ከፈለጉ አንድ ነገር ልንገርዎ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አ» ሥር አይፈልጉ። «አን» ልብስ ነው፣ አውልቀው ሥሩን ይያዙ፤ ቃሉ «ገ» ሥር ነው ያለው። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን ትልቁን መዝገበ ቃላት ከያዙ ደግሞ እሱ የተሰደረው በአበገደ ነው። በሀለሐመ 20ኛ የነበረችው «ገ» እዚያ 3ኛ ናት። መጀመሪያ የያዝኩት ጊዜ «ገ»ን ፍለጋ ወደ መጨረሻው አካባቢ ስገላብጥ ቆየሁ፤ መምህሬ ዝም ብለው እያዩኝ ነበር።

ስለ ቃሉ መነሻ ሰው የሚያወራቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ሆድ ስለሚጎረጉር ነው እንጉርጉሮ የተባለው» የሚል ነው። ያምራል። ግን አልቀበለውም። መጎርጎር ዕቃ መፈተሽ፣ ጉድጓድ መነካካት ነው፤ ጥንት የምናገኘው አንጐርጐረ ደግሞ የሰውን ሆድ አይነካም፣ ሰው በሰው ላይ የሚያሰማው ቅሬታ ነው። ሆድ የሚጎረጉረው ዜማው ከመጣ በኋላ ነው። ሁለተኛው «ከጉሮሮ ስለሚወጣ ነው» የሚለው ነው። ይሄኛው ትንሽ ይሻላል፣ ሆኖም ግዕዝ ጉሮሮን «ጕርዔ» ነው የሚለው፤ መጨረሻው ላይ «ዐ» አለች። አንጐርጐረ ላይ ግን «ዐ» የለችም። ሁለቱም የጉሮሮን ድምፅ ስለሚቀዱ ተመሳሰሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ወለደ ለማለት እኔ አልደፍርም።

እሺ፣ ማጉረምረም እንዴት ዘፈን ሆነ? ከጥያቄዎ ሁሉ የምወደው ይሄ ነው። በጽሑፍ ተመዝግቦ የተቀመጠ ቀን የለውም፤ እኔ የማምንበትን ልንገርዎ።

ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት አያቴ ዘንድ እከርም ነበር። ገጠር ነው። ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ እነቃለሁ፤ የሚቀሰቅሰኝ ወፍጮው ነው። አያቴ ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ ታደርገዋለች። ዱቄቱ ቋቱ ውስጥ ይወርዳል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ጉርርር ይላል። ከዚያ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ አለ። የሷ ነው። ቃሉ መጀመሪያ አይለይም። ጆሮዬን ሳቀና አንድ ሁለት ስንኝ እይዛለሁ፦

«ለሰው እንዳልነግር ሰው ሄዶ ያወራል፣
ለወፍጮዬ ልንገር በድንጋይ ሆድ ያድራል።»

ስለ ምን ነበር? ስለ ሁሉም። ስለ አማቷ፣ ከቤት ስለ ቀረው ልጇ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ጎረቤት ተበድራ ሳትመልስ ስለቀረች ስልቻ ጤፍ። ይሄ እኮ ጥርት ያለ ማጉረምረም ነው! ሙሴ ቢሰማው ይለየው ነበር። ልዩነቱ መጁ ነው። እጅ ሲሄድና ሲመለስ ቅሬታው ምት ያዘ፣ ምት ሲይዝ ቤት መታ፣ ቤት ሲመታ ዜማ ሆነ። ይህ የአያቴ ብቻ አይደለም፤ የወፍጮ ላይ እንጉርጉሮ በየገጠሩ ያደጉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ሴቲቱ ቀን አደባባይ ላይ የማትናገረውን ሌሊት ለድንጋይ ትናገራለች። ቤቱ የተኛ ይመስላል፣ ግን ባልም አማትም ይሰማሉ። መስማታቸውንም ታውቃለች። በቀጥታ ቢነገር ጠብ የሚያስነሣ ነገር በዜማ ሲመጣ ግን ማንም «ምን አልሽ?» ብሎ አይነሣም።

እግረ መንገዴን፣ በኋላ የሞተር ወፍጮ ሲገባ አያቴ ደስ አላት፤ ጉልበቷ አረፈ። የሚሰማት ድንጋይ ግን አጣች። ወረፋ ላይ ቁጭ ብሎ ማን ያንጎራጉራል? ሞተሩ ራሱ ይበቃል።

የድሮው ትርጉም ጨርሶ እንዳልሞተም እሷው ናት ያስተማረችኝ። እንጨት ልቀም ተብዬ ከንፈሬን ስጥል «ደግሞ ምን ያንጎራጉርሃል?» ትለኝ ነበር። ዘፈንህን ተው ማለቷ አልነበረም።

ወደ ሙሾ ልሂድ። ሙሾ ሌላ ነው። ሙሾ ሬሳ ይፈልጋል፣ ሰው ይፈልጋል። አልቃሿ ትነሣለች፣ የሟቹን ስም፣ ዘሩን፣ የሠራውን ታነሣለች፤ ሌላው ደረቱን እየመታ፣ በዋይታ እየመለሰ ይከተላል። ሙሾ ጥሪ ነው፤ ያላለቀሰውን ለማስለቀስ የሚወጣ ነው። ጥሩ አልቃሽ ያለችበት ለቅሶ ላይ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ አንብቶ ይሄዳል። እንጉርጉሮ ማንንም አይጠራም። ብቻህን ነህ። ግሦቻቸውን ብቻ ይዩ፦ ሙሾ ይወርዳል፣ እሪታ ይቀልጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል። እንጉርጉሮ አይወርድም፣ አይቀልጥም፣ አይደረስም፤ ሰውየው ራሱ ያንጎራጉራል፣ በቃ።

«እዬዬም ሲደላ ነው» ይባላል። ለማልቀስም ጊዜ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ድንኳን ተጥሎ፣ ሥራ ቆሞ፣ ሰው ተሰብስቦ። እንጉርጉሮ ያልደላው ሰው ለቅሶ ነው። እየፈጨ፣ እያረሰ፣ ከብት እየነዳ፣ መንገድ እየሄደ። እጅ ሥራውን አያቆምም።

የሌሎቹ የሐዘን ድምፆች ስም አፈጣጠር ቀላል ነው፣ ቶሎ ልለፈው። ዋይ ያለ ዋይታ፣ እሪ ያለ እሪታ፣ ኡኡ ያለ ኡኡታ። ድምፁን አንስቶ «ታ» መጨመር ነው። ደስታውም በዚሁ ነው የሚሠራው፤ እልል ያለ እልልታ፣ ሆ ያለ ሆታ። ሹክሹክታና ጉርምርምታም እንዲሁ። እንጉርጉሮ ግን «ታ»ን አልወሰደም። እንደ ለቅሶና እንደ ኑሮ በ«ኦ» ነው የሚዘጋው። በትግርኛ ለሟች የሚገጠመው ግጥም «መልቀስ» ይባላል፤ የእኛን ለቅሶ ዘመድነቱን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አንዷን ግን ቆም ብዬ ላንሳት፤ «ሰቆቃ»ን። የዕለት ዜና ላይ «ሰቆቃ ተፈጸመባቸው» ሲባል ግፍ፣ ሥቃይ ማለት ነው። ግዕዙ «ሰቆቀወ» ግን አለቀሰ፣ ሙሾ አወጣ ነው። ሰቆቃወ ኤርምያስ የኤርምያስ ለቅሶ ነው፣ በኢየሩሳሌም መፍረስ ላይ የተለቀሰ፣ 5 ምዕራፍ። በጽጌ ወራት ከማኅሌተ ጽጌ ጋር የሚቆመው ሰቆቃወ ድንግልም የእመቤታችንን ስደት የሚያለቅስ ነው። የለቅሶው ስም ቀስ በቀስ ላስለቀሰው ነገር ተሰጠ። እንጉርጉሮ በተቃራኒው ሄደ፤ የቅሬታው ስም ቅሬታውን ለያዘው ዜማ ተሰጠ። ልጆቹ ሰቆቃወ ኤርምያስን ሲያነቡ «ኤርምያስን ገረፉት እንዴ?» የሚል ቢመጣ መልሱን ከወዲሁ ያዙት።

ሙዚቃ ላይ ደግሞ እንጉርጉሮን ከትዝታ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው። ትዝታ ቅኝት ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር 4 ሆነው የሚቆጠሩ። እንጉርጉሮ የአዘፋፈን ጠባይ ነው። በትዝታም ማንጎራጎር ይቻላል፣ በባቲም ይቻላል። የካሳ ተሰማን ወይም የአስናቀች ወርቁን ክራር ያዳመጠ ሰው የምለው ይገባዋል፦ አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ የማይቸኩል ድምፅ። ሊያስጨፍርህ አይሞክርም። አጠገቡ ተቀምጠህ ለራሱ የሚያወራውን የሰማህ ይመስልሃል። በገናም ወፍራም ጉርምርምታ አለው፤ አውታሮቹ ሥር የሚገቡት እንዚራ የሚባሉ የቆዳ ቁርጥራጮች ናቸው እንዲያ የሚያሰኙት። በድምፁ ብቻ ቢሆን ከሁሉ በላይ እንጉርጉሮ የሚለው ስም ለበገና ይገባ ነበር፤ ሰዉ ግን የበገናውን መዝሙር ነው የሚለው።

ዛሬ ከተማ ውስጥ ቃሉ አንድ እርምጃ ደግሞ ሄዷል። ታክሲ ውስጥ ኢርፎን ሰክቶ የሰርግ ዘፈን ከሥር ከሥር የሚያዜም ልጅ «እያንጎራጎረ ነው» ይባላል። ሐዘንም ቅሬታም የለበትም፤ እንዲያውም ደሞዝ የገባለት ይመስላል። ይህን «ስሕተት ነው» የሚሉ አሉ፣ እኔ አልልም። ከማራ ውኃ እስከ ታክሲው ድረስ ያልተለወጠው ነገር ሐዘኑ ሳይሆን ድምፁ ነውና፤ ዝቅ ያለ፣ ከከንፈር ብዙም የማይርቅ፣ ለራስ የሚሆን። ቃሉ የተሠራው ለዚያ ድምፅ ነው። ቅሬታም፣ ሐዘንም፣ አሁን ደግሞ ደስታም በየተራ ተከራይተው ኖሩበት።

ልጆቹን ግራ እንዳይገባቸው አንድ መለያ ይስጧቸው። «በ» እና «ላይ» ካለ ቅሬታ ነው፦ በሙሴ ላይ አንጐራጐሩ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ መበለቶቻችን ችላ ተባሉብን ያሉት ሰዎች «አንጐራጐሩባቸው» ይላል፤ ያች «ባቸው» ያንኑ ሥራ ትሠራለች። «በ» የሌለው፣ ለራሱ ወይም ዝም ብሎ የሚያንጎራጉር ከሆነ ዜማ ነው። ሁልጊዜ አይሠራም፤ አያቴ በአማቷ ላይ በዜማ ነበርና የምታንጎራጉረው። ለ10 ዓመት ልጅ ግን ይበቃል።

አጻጻፉ፦ ጥንቱን የጠበቀው «እንጕርጕሮ» እና «አንጐራጐረ» ነው። «ጐ» እና «ጕ» ከንፈር አሞጥሙጠው የሚባሉ ፊደላት ናቸው፤ በግዕዝ ከ«ጎ» እና ከ«ጉ» ይለያሉ። በአማርኛ አነጋገር ልዩነቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ «እንጉርጉሮ» እና «አንጎራጎረ» ብሎ የሚጽፍን ሰው አላርመውም። እኔ ራሴ እዚህ የጻፍኩት እንደዚያ ነው፤ ስልኬ ላይ «ጕ»ን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ያንጎራጉራል። ግዕዙን ሲጽፉ ግን «ጐ»ን አይተዉ፦ አንጐርጐረ፣ ነጐርጓር።